ሰው የምታቀላ ማሽን

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጎን፣ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል አለች። በሯ ላይ «መታወቂያ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚያ ውስጥ የሚሠራውን ሰው ሁሉም «ጋሽ አትሳቅ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም እንጂ የሚገባው ስም ነው። ነርሷም ትምጣ ሥራ አስኪያጁ፣ ነጩ መጋረጃ ፊት ሲቀመጡ ከአፉ የሚወጣው ያው አንድ ቃል ነው፤ «አትሳቂ፣ አትሳቅ»። ሕጉ እንዲያ ይላል፤ መታወቂያ ላይ አይሳቅም። እንዲያ ሲል ደግሞ ሳቅ ያላሰበው ሁሉ ይስቃል። እሱ ግን አብሮ ሲስቅ የታየበት ቀን የለም፤ ቢያንስ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ።

የሚያትምባት ማሽን ጠረጴዛ ጥግ ላይ የምትቀመጥ፣ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ባዶውን ነጭ ካርድ በአንድ ጎኗ ትውጥና በሌላው ጎኗ ሰው አድርጋ ትተፋዋለች። ሆዷ ውስጥ የሚጠቀለለው ሪባን ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር ተራ በተራ የተደረደረበት ስስ ላስቲክ ነው፤ መጨረሻ ላይ መልክ የሌለው ልባስ ይመጣና ቀለሙን ከላይ ያሽገዋል። ከሐኪም እስከ ጽዳት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በዚህ ላስቲክ ውስጥ አልፏል።

አዲስ የመጣች ሰሞን ግን አመል ነበራት። ፊት ታጠቁራለች፤ ያውም አመድ የተነፋበት አስመስላ። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ሲታደሉ ሆስፒታሉ ቀውጢ ሆነ። አንዷ አዋላጅ «ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ከእሳት የተረፈ ጉማጅ?» ብላ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። እሱ ምን ያድርግ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ብርሃኑን ከፍ፣ ቀዩን ጨመር አደረገው። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ጠይም ሆነ፣ ጠይሙ ቀይ ዳማ ሆነ፣ ቀይ ዳማው ደግሞ የውጭ አገር ዘመድ ያለው መሰለ። ቅሬታው እንደ ጉም በነነ። እንዲያውም «ጋሽዬ፣ እኔን ደግሞ ትንሽ ቀላ አድርገኝ» የሚለው ተሰልፎ መምጣት ጀመረ። እሱም ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም፤ «እሺ» ይላል፣ ቀላ ያደርጋል፣ ያትማል። የበሩ ዘበኛ «እዚህ ቤት የሚጓደለው ደመወዝ እንጂ መልክ አይደለም» እያለ ያስቅ ነበር። ሰው ደስ ካለው ምን ቸገረኝ፣ ማንን ይጎዳል፣ ይል ነበር ጋሽ አትሳቅ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ማንን እንደሚጎዳ የሚያዩት ሁልጊዜ ዘግይተው ነው።

ሚስቱም የመጣችለት በዚያችው ማሽን በኩል ነበር። ልብስ ማጠቢያ ክፍል የተቀጠረች፣ ረዘም ያለች ጠይም ልጅ ናት። አትሳቂ ባላት ቁጥር ትስቃለች፤ ዝም ሲልም ዝምታው ያስቃታል። መጨረሻ ላይ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ሳቋን አፍና ያዘችው። ጉንጮቿ ሊፈነዱ ደርሰው ነበር፤ እንደዚያው አነሳት። ካርዱ ሲወጣ ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችው።

«ይቺ ቀይ ማናት?» አለችው።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔማ ይኸው ቆሜያለሁ። ይቺን ልጅ መንገድ ላይ ካገኘሃት ግን እንዳታመልጥህ፤ ቆንጆ ናት።»

እሱ ያገባው ጠይሟን ነው። ለዓመታት «የቀይዋ ባል» እያለች ስትቀልድበት ኖረች። ስለ መልክ ብዙም አትጨነቅም ነበር። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም፤ የሚታጠበውን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፣ አንሶላ ነው» ትላለች፣ በሳሙና የተሸበሸቡ እጆቿን እያሳየችው። ልጃቸው አፏን በደንብ ሳትፈታ እናትየው ታመመች፤ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ ራሷ ባጠበችው አንሶላ ላይ ሞተች። ቤት ውስጥ የነበሩትን ፎቶዎች ከጊዜ በኋላ የሚያፈስ ጣሪያ በላቸው፤ እርስ በእርሳቸው ተጣብቀው ሲላቀቁ ፊት ፊቱ ተገሽልጦ ቀረ። የተረፈው መታወቂያዋ ብቻ ነበር። ላስቲክ እንደሆነ ውሃ ምን ያደርገዋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ካርዱን ከነማንጠልጠያ ገመዱ አንገቷ ላይ አሰረላት፤ እሷም እስከዛሬ ከእጇ አላወጣችውም።

ልጅቷ አድጋ ልብስ መሸጫ ሱቅ ተቀጠረች። አንድ ጠዋት አባትየው ማበጠሪያ ፍለጋ በተገረበበው በሯ ገባ ሲል መስታወት ፊት ቆማ አያት። የእናቷን መታወቂያ መስታወቱ ጥግ ላይ ሰክታዋለች። ከትንሽ ብልቃጥ ነጭ ክሬም በጣቷ እየጨለፈች ጉንጯን ትቀባለች፤ ካርዱን ታያለች፣ ፊቷን ታያለች፣ እንደገና ትቀባለች። ግድግዳ የሚቀባ ሰው የቀለሙን ናሙና እያየ እንደሚሠራው ነበር። ጉንጯ ላይ ቆዳዋ ተልጦ ከሥሩ ቀላ ያለ ሥጋ ይታያል።

«ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«ክሬም ነው፣ አባዬ።»

«ፊትሽ እኮ እየተላጠ ነው።»

«መጀመሪያ ይላጣል አሉ። ከዚያ ጥርት ይላል።» ብልቃጡን ከደነችና ወደ እሱ ሳትዞር ጠየቀችው። «አባዬ፣ ግን እኔ በማን ነው የወጣሁት?»

«በእናትሽ ነዋ። ቁርጥ እናትሽን።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። እናት ለሌላት ልጅ ሌላ ምን ይባላል?» ካርዱን በጣቷ ነካ አደረገችው። «እማዬ ቀይ ዳማ። አንተ ቀይ። እኔ ብቻ ከየት እንደመጣሁ እንጃ።»

ጋሽ አትሳቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እናቷ ጠይም እንደነበረች፣ ያቀላቻት ማሽኗ እንደሆነች፣ ማሽኗንም ያስተካከላት እሱ ራሱ እንደሆነ ነገራት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችውና «እሺ፣ አባዬ» አለችው። አለ አይደል፣ ሰው ነገር ማሳጠር ሲፈልግ የሚላት እሺ። በማግስቱም ብልቃጧ እዚያው ነበረች።

የሆስፒታሉን የቆዳ ሐኪም አማከረ። ሐኪሙ የክሬሙን ስም ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ «አሁኑኑ ታቁመው። የተበላ ቆዳ ተመልሶ ያው አይሆንም» አለው። ይሄንንም ነገራት። እንደገና እሺ አለችው። በአፍ የሚነገር ነገር እንደማይሠራ ያኔ ገባው። ልጅቷ በዓይኗ ያየችውን ነው ያመነችው፤ እንድትተው ከተፈለገ በዓይኗ የምታየው ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እናትየውን በትክክለኛው መልኳ አንድ ጊዜ ማሳየት፣ «ይኸው፣ አንቺ ማለት ነሽ» ማለት። ከዚህ የበለጠ ምኞት አልነበረውም።

የድሮው ፎቶ ኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ እንደተነሳች፣ ሳይነካ ተቀምጧል። በፍላሽ ይዞት አንድ ፎቶ ቤት ሄደ። ባለ ፎቶ ቤቱ ወጣት አትሞ ሲሰጠው ሚስቱ ከካርዱም ብሳ ቀልታለች፤ አገጯ ላይ የነበረችው ጥቁር ነጥብም የለችም። «ያሳመርኳት በነጻ ነው፣ ፋዘር» አለው ልጁ። ከፍሎ ወጣና መንገድ ላይ ቀደደው። በራሱ ማሽን እንዳይሞክር ደግሞ ማሽኗ ሞት አፋፍ ላይ ነበረች። የሚያትመው ጭንቅላቷ ተበልቶ የሰው ሁሉ ግንባር ላይ ነጭ ጭረት ማውጣት ጀምራለች። ቅንብሯን ወደ ድሮው ልመልስ ቢል የሚወጣው አመዱ ነው።

እንግዲህ ሆስፒታሉ አዲስ የመታወቂያ ማተሚያ ሊገዛ ኮሚቴ ያቋቋመው በዚህ መሃል ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ሰብሳቢ ሆኑ፤ የጥበቃ ኃላፊውና የሰው ኃይል ኃላፊዋ ገቡበት፤ ጋሽ አትሳቅም በባለሙያነት ተጨመረ። ለወትሮው ኮሚቴ ሲባል ሆዱ የሚታመም ሰው በዚህኛው ላይ ተጋ። የሪባኑን ነገር አስረዳቸው። «ማሽኑን የሚሸጡላችሁ አንድ ቀን ነው፤ ሪባኑን የሚሸጡላችሁ ግን ዕድሜ ልካችሁን ነው። የራሱን ሪባን ካልሆነ አልቀበልም የሚል ማሽን አለ፤ ያኔ የሻጩ ባሪያ መሆን ነው» አላቸው። ባዶ ካርዱ ስስ ከሆነ እንደሚሰነጠቅ፣ ማጽጃው ከሌለ አቧራው ፊት ላይ ነጥብ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረ። ሦስት ሻጮች ማሽናቸውን ተሸክመው መጥተው እንዲያሳዩ የተወሰነውም በእሱ ጥያቄ ነው። ለሦስቱም ሻጮች አንድ ዓይነት ፎቶ ለሙከራ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የማን ፎቶ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ ማሽኖች ስብሰባ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። የመጀመሪያው ሻጭ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር፤ ማሽኑ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ሚስቱ አመድ ለብሳ ወጣች። ጋሽ አትሳቅ ካርዱን በግንባሩ ደፋው። ሁለተኛዋ ሻጭ ጥሩ የለበሰች ወጣት ናት። የእሷ ማሽን ማንም ሳያዘው ፊትን በራሱ ያፈካል። ካርዱ ሲወጣ ያቺው የመስታወቱ ጥግ ሴት ነበረች፤ ቀይ ዳማ፣ የተወለወለች። ሦስተኛው ደከም ያሉ አዛውንት ናቸው፤ ከባድ ማሽናቸውን ያስቀመጡት እያቃሰቱ ነው። የእሳቸው ማሽን ካርዱ ላይ በቀጥታ አያትምም፤ መጀመሪያ ስስ ፊልም ላይ ያትምና በሙቀት ካርዱ ላይ ይለጥፈዋል። ጊዜ ይወስዳል። የፋይናንስ ኃላፊው ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ።

ካርዱ ወጣ። ጋሽ አትሳቅ አነሳው፤ ገና ትኩስ ነበር።

ጠይም ነበረች። ከዓይኗ ሥር ጠቆር ያለው፣ በእንፋሎት ውስጥ የምትውል ሴት ግንባር ላይ የሚያበራው ወዝ፣ የአገጯ ነጥብ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ሳቋን አፍና ይዛለች። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባው። ለካ እሱም ረስቷት ኖሯል። ስንት ዘመን ማታ ማታ በሐሳቡ የሚያወራት ሴት ቀይዋ ናት፤ ካርዱ ላይ ያለችው። ጠይሟን መቼ እንደሸኛት እንኳ አላወቀም። ሳል የያዘው መስሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ግድግዳ ተደግፎ ፊቱን ጠረገ።

ሲመለስ የኮሚቴው አባላት የራሳቸውን ፎቶ ማሳተም ጀምረዋል። የፋይናንስ ኃላፊው የሁለተኛውን ማሽን ካርድ ከፍ አድርገው ይዘው «ይሄኛው እኔን ይመስላል» ይላሉ። ሰውዬው እንኳን ዛሬ፣ በሠርጋቸውም ቀን እንዲያ አልነበሩም። የጥበቃ ኃላፊው ሥራው ነውና የሦስተኛውን ካርድ ከአለቃው ፊት ጎን አስጠግቶ ዓይኑን አጨንቁሮ አየ።

«በር ላይ ሰው የምለየው ግን በዚህኛው ነው» አለ። «ይሄ ቁጭ እርስዎን ነው።»

«እኔ እንዲህ ነኝ?» አሉ የፋይናንስ ኃላፊው።

የጥበቃ ኃላፊው ካርዱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «መብራቱም ይሆናል» አለ።

ጋሽ አትሳቅ ተነሳ። በስብሰባ ላይ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሁሉም ዞረው አዩት። «መታወቂያ ማለት ሰው የሚታወቅበት ነው» አለ። «አንድ ቀን ሰውየው ራሱ አይኖርም፣ ካርዱ ግን ይኖራል። ያኔ የሚያየው ሰው ማንን ነው የሚያውቀው? ሦስተኛው ውድ ነው፤ ቢሆንም ሰውን ሰው አድርጎ የሚያወጣው እሱ ነው።»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ክፋት የላትም፤ ከልቧ ገርሟት ነው የተናገረችው። «ጋሽዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስታቀላን የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ? ዛሬ ምን ተገኘ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሻጮቹም ሳቁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ጋሽ አትሳቅ ተቀመጠ። ሁለተኛው ማሽን በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፤ የእሱም እጅ ከወጡት እጆች መሃል ነበረ። አዛውንቱ ማሽናቸውን ሲጠቀልሉ የሙከራ ካርዷን መለሱለት። «ውሰዳት። ሰው ናት፣ ቆሻሻ ውስጥ አትጣልም» አሉት።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ታክሲ ውስጥ ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ደጋግሞ አየው። ማሽን ገዙ አልገዙ ጉዳዩም አልነበረም፤ የሚፈልገውን ይዟል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፣ ብሎ ራሱን አጽናና። ምን እንደሚላት አሰበ። ብዙ አላወራም አለ፤ እጇ ላይ አኖርላታለሁ፣ በቃ።

ልጅቷ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ካርዱን እጇ ላይ አኖረላት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እይው።»

አየችው። ተነስታ መስታወቱ ጋ ሄደችና ከአሮጌው ጎን አስጠግታ ያዘችው። ሁለቱ ካርዶች፣ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ የእሷ ፊት። አባትየው ከኋላዋ ቆሞ ከሦስቱ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያያል፤ ክሬሙ ያልደረሰበት ግንባሯ ከአዲሱ ካርድ ጋር አንድ ነው። ይሄን የማያይ ዓይን ይኖራል ብሎ አልገመተም።

«አጥቁረሃታል» አለችው።

«አላጠቆርኳትም። እንዲህ ነበረች። አሮጌውን ነው እኔ ያቀላሁት፤ ነግሬሽ የለ። ይኸው ግንባርሽን እይው፣ አገጭሽን… አንቺ ማለት ናት፣ ልጄ።»

ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ተሳካ፣ ገባት፣ አለ በልቡ። ዞር ብላ አንገቱን አቀፈችው።

«ለእኔ ብለህ ነው፣ አይደል?»

«ምኑን?»

«ክሬሙን እንድተው። ኮምፒዩተርህ ላይ ቁጭ ብለህ እኔን አስመሰልካት። ለዚያ ሁሉ ሰው የምታደርገውን ለእኔም አደረግከው።»

«እሷ ት…» ብሎ ሊምል ጀመረና ቆመ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ነበር በእሷ የሚምለው። የቀረችው ልጁ ናት፤ አንቺ ትሙቺ ብሎ በዚያ ፊት ላይ ለመማል ምላሱ አልታዘዝ አለው። የሚምልበት ሰው አጥቶ እጆቹን ዘርግቶ ቀረ።

«አትማል፣ አባዬ። ደስ ብሎኛል እኮ። እንዲህ የሚያስብልኝ ማን አለኝ?» አለችው። አዲሱን ካርድ በክብር፣ በስስት፣ መሳቢያዋ ውስጥ ከማበጠሪያዎቿ ሥር አስቀመጠችው። አሮጌውን መስታወቱ ጥግ ላይ መልሳ ሰካችው። «ማሽኑስ? መረጣችሁ?»

«መረጡ።»

«ጥሩ ነው?»

«ያቀላል» አለ። ሌላ ምን ይበል።

«እንግዲያው ሲመጣ የእኔንም አንድ አትምልኝ። ልክ እንደ እሷ አድርገህ። ከጎኗ እሰካዋለሁ።»

ቀላ አድርገኝ ላለው ሰው ሁሉ ዘመኑን ሙሉ የሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ሌላ መልስ አያውቅበትም።

«እሺ» አላት።

ደስ ብሏት ልትስቅ ስትል የተላጠው ጉንጯ አመማትና ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ሳቋን ያዘችው።